ከሐዋሳ ተነስቶ አርባ ምንጭ ወይስ ባሌ? የአራት ቀን ጉዞ ለሚገዛ ሰው

ሐዋሳ ላይ የአራት ወይም የአምስት ቀን ዕረፍት ያገኘ ሰው፣ የሐይቁን ዳርቻ፣ የአሞራ ገደልን የዓሣ ገበያና የታቦርን ተራራ ደጋግሞ ካየ በኋላ፣ ሐሳቡ የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ በሁለት መንገዶች መካከል ነው። አንዱ ከሻሸመኔ በሐላባና በወላይታ ሶዶ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል፤ ሌላው ከዚያው ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ባሌ ይወጣል። በሁለቱም መንገዶች ከቤተሰብና ከእንግዶች ጋር ከአንድ ጊዜ በላይ ስለተጓዝሁ፣ «የትኛው ይሻላል?» ተብዬ ስጠየቅ የምሰጠው መልስ ከዓመት ዓመት እየጠራ መጥቷል። ከመኪና ኪራዩ ዋጋ በፊት መጠየቅ ያለበት የመሬቱ ከፍታ ነው።

ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭና የባሌ ተራሮች ሁሉም ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ6ኛውና በ7ኛው ዲግሪ አካባቢ የሚገኙ የሐሩር ክልል ስፍራዎች ናቸው። በዚህ ቀጠና የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ ሙቀትና ብርዱን በዋናነት የሚወስነው ከፍታው ሲሆን፣ አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የሚለው ነባሩ አከፋፈላችንም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት፤ አርባ ምንጭ ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ብላ ቆላውን ይዛለች፤ የባሌው የሳነቲ አምባ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ውርጭ ነው። እንግዲህ ከአንድ ከተማ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ፣ ተጓዡ የሚመርጠው በአጎበርና በሦስት ብርድ ልብስ መካከል ነው ማለት ነው።

በርቀት ረገድ ልዩነቱ ያን ያህል አያስጨንቅም። አርባ ምንጭ ከሐዋሳ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የባሌዋ ከተማ ጎባ ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ትላለች፤ እስከ ሁለቱም ከተሞች ያለው መንገድ አስፋልት ነው። ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው ከአጄ አቅራቢያ በሚገኘው በሰንቀሌ መጠለያ ገብቶ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን የስዌይን ቆርኬ ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ቆይታ ማየት ይችላል። ሐላባ ሲደርስ ደግሞ በቀለማት ያጌጡትን የገጠር ቤቶች ያያል፤ ከዚያው በርበሬ ሳይገዛ ቢያልፍ ከቤት የሚጠብቀው ወቀሳ አለ። የባሌው መንገድ እንዲህ ያለ ማረፊያ ባይበዛበትም፣ ከኮፈሌ በኋላ የሚዘረጋው የገብስና የስንዴ ማሳ፣ ገበያ በፈረስ ከሚመላለሰው ሕዝብ ጋር፣ የመኪናውን መስኮት የሚያዘጋ አይደለም።

ዋናው ልዩነት የሚጀምረው ከዱር እንስሳቱ ነው። በአርባ ምንጭ የብዙ ሰው ምርጫ በጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሄዶ «አዞ ገበያ» የሚባለውን ዳርቻ ማየት ነው። አዞ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ ማመንጨት ስለማይችል ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሊሞቅ ወደ ዳር ይወጣል፤ ርዝመታቸው 5 ሜትር የሚደርስ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው በተኙበት፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ጉማሬዎች በሚያጉረመርሙበት፣ ጀልባው ሞተሩን ቀንሶ ሲጠጋ፣ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ አዋቂዎችም ዝም ይላሉ። ይህ ትዕይንት ዕድል አይጠይቅም ማለት ይቻላል፤ በማለዳ የሄደ ሰው አይቶ ይመለሳል። በጫሞና በአባያ ሐይቆች መካከል «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ከፍ ያለ ቁራጭ መሬት ይገኛል፤ የአባያ ውኃ በደለል ብዛት ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን የጫሞ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ልዩነቱም ከከተማው አፋፍ ላይ ሆኖ በዐይን ይታያል። ከድልድዩ ማዶ ፓርኩን ነጭ ሣር ያሰኘው ሜዳና የሜዳ አህዮቹ አሉ፤ እዚያ ድረስ የሚያስገባው መንገድ ግን አስቸጋሪ በመሆኑ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና የሌለው ሰው በምንጮቹ ዙሪያ ባለው ጥቅጥቅ ደን መርካቱ ይበጀዋል።

ባሌ በአንጻሩ የእርግጠኝነት አገር አይደለም። ዋናው እንግዳ ቀይ ቀበሮ ነው፤ በዓለም ላይ ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። ብዙዎቹ የዱር ሥጋ በሎች ሌሊት ሲያድኑ፣ ቀይ ቀበሮ ግን በሳነቲ የሚያድነው በቀን፣ ያውም ብቻውን ነው፤ ምክንያቱም ዋና ምግቡ የሆነው ትልቁ የባሌ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ የሚለው ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ገና በጨለማ ተነስቶ በብርድ አይንገበገብም፤ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ በመኪና ቀስ እያለ፣ በጅብራዎቹ መካከል ዐይኑን ጥሎ ይጠብቃል። በሁለት የተለያዩ ቀናት ረፋድ ላይ ተሳክቶልኛል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉ ቀን ጭጋግ ብቻ አይቼ ተመልሻለሁ። የደጋ አጋዘን ግን በዲንሾ፣ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢና በጋይሳይ ሜዳ፣ በቀላሉ ይታያል። ይህ አጋዘን በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ብቻ የሚኖር ሲሆን በሳይንስ መዝገብ ስሙ የገባው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ይህን የሚያህል እንስሳ ያን ያህል ዘግይቶ መታወቁ የቦታውን ርቀት ይናገራል።

እኔን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ቀበሮውን ወይም አዞውን ሳይሆን፣ ከሳነቲ ወደ ሐረና ደን የሚወርደውን መንገድ ነው። ከጎባ ተነስቶ አምባውን ሲያቋርጡ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውንና የባሌ ተራሮች ከፍተኛ ጫፍ የሆነውን ቱሉ ዲምቱን ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ ከዚያ መንገዱ ድንገት ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል። ከታች ያለው ደመና ነው። መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወርድ መጀመሪያ የአስታ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ሽበት የመሰለ ነገር የተንጠለጠለባቸው ዛፎች፣ ቀጥሎም የቀርከሃ ጫካ ይመጣል፤ የሪራን መንደር አልፎ ወደ ዶሎ መና አቅጣጫ ዝቅ ሲሉ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና በቅሎ ይታያል። ከውርጭ ተነስቶ ቡና እስከሚበቅልበት ደን ድረስ በአንድ ቀን የሚደረገው ይህ ጉዞ፣ አንድ ሰው ብዙ አገር ተዘዋውሮ የሚያየውን የአየር ጠባይ ሁሉ በአንድ ቁልቁለት ያሳያል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተጠቀሰውም ይህ ብዝኃነት ነው።

የሰውን ባህል ለማየት የሚጓዝ ቤተሰብ ከሆነ ግን ሚዛኑ ወደ አርባ ምንጭ ያዘነብላል። ከከተማው ወደ ጨንቻ የሚወጣው አቀበት ዶርዜ ላይ ያደርሳል፤ ከቀርከሃ ተሠርተው በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት የሚከደኑት ረጃጅም ቤቶች የዝሆን ፊት የመሰሉ ናቸው፤ ምስጥ ከሥር በበላቸው ቁጥር ቁመታቸው እያጠረ ሲሄድም ለዓመታት ያገለግላሉ። በሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን የሸማ ሥራ ያየ ሰው ሙያው ከየት እንደመጣ እዚህ ይረዳል፤ ቆጮውን ከማርና ከዳጣ ጋር ሲቀምስም ጉዞው ግማሽ ዋጋውን መለሰ ማለት ነው። አንድ ቀን ለጨመረ ደግሞ ኮንሶ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የድንጋይ እርከኖችና በካብ የታጠሩ መንደሮች ያያል። ባሌ የሚሰጠው ሌላ ዓይነት ነው፤ የወይብ ወንዝ ሰርጎ የሚያልፍበት፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚረዝም የሚነገርለት የሶፍ ዑመር ዋሻ የተፈጥሮ ድንቅ ከመሆኑም ሌላ ለሙስሊሞች የዚያራ ስፍራ ነው። ነገር ግን ከሮቤ ከተማ በስተምሥራቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ለብቻው አንድ ቀን ይወስዳል፣ ስለዚህ ሳነቲንና ሶፍ ዑመርን በአንድ ቀን አሳያችኋለሁ የሚል አስጎብኚ ካጋጠመ ዋጋው ቢረክስም መተው ይሻላል።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አርባ ምንጭ ዓሣና ሙዝ ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትቼ፣ ከሐዋሳ የሄደ ሰው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በለመደ አፉ ትልቁን የጫሞ ዓሣ ቢሞክር እላለሁ። ባሌ ደግሞ የገብስ ቆሎ፣ ወተትና የሐረና ማር ነው።

ጤናን በተመለከተ ግን መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። አርባ ምንጭ የወባ አገር ነው፤ አጎበር፣ ሙሉ እጅጌ ልብስና የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ጋር ለሚጓዝ ቤተሰብ የግድ ናቸው። በባሌ ተራሮች ደጋ ላይ ወባ አያሰጋም፣ ግን አየሩ ስስ ነው። አክስቴን ከሐዋሳ በአንድ ቀን ጎባ አድርሼ በማግስቱ ሳነቲ ላይ ባወጣኋት ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያዛት፤ ወደ ጎባ ስንመለስ ለቀቃት፣ እኔ ግን ጥፋቱ የራሴ እንደነበር አውቃለሁ። አንድ ሌሊት ዲንሾ አድሮ፣ በዝግታ እየተራመዱ ውኃ እያበዙ መውጣት ይገባ ነበር። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሳነቲን ባይሞክር ይሻላል፤ ለእንዲህ ያለው አርባ ምንጭ ምርጫው ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ዋጋ ሲሰጣችሁ ነዳጅ፣ የሾፌር አበልና ማደሪያ፣ የፓርክ መግቢያ፣ የመኪና መግቢያ፣ አስጎብኚና ጠባቂ የተካተቱ መሆናቸውን አንድ በአንድ ጠይቁ፤ የመግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ስለሚለያይ መታወቂያ አትርሱ። በአርባ ምንጭ ጀልባ ብዙውን ጊዜ በሙሉ ስለሚከራይ ስድስት ሆኖ የሄደ ቡድን ከሁለት ሰው ይልቅ በነፍስ ወከፍ ይቀልለዋል። በባሌ ትልቁ ወጪ መኪናው ነው፤ ከጎባ በላይ ያለው ጠጠር መንገድ በዝናብ ጊዜ ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል። አንድ ጊዜ «ባሌ» ብዬ ብቻ የተዋዋልሁት የሚኒባስ ሾፌር፣ ጎባ ስንደርስ ተራራውን አልወጣም ብሎ ሌላ መኪና በድርብ ዋጋ አስከራይቶኛል። ከዚያ ወዲህ ቀብድ ከመስጠቴ በፊት «ሳነቲና ሪራ» የሚሉት ስሞች በውሉ ላይ እንዲጻፉ አደርጋለሁ። የመንገዱን ጸጥታ ደግሞ ከመነሳት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ከዚያው አቅጣጫ የመጡ ሾፌሮችን መናኸሪያ ሄዶ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወቅቱን ከኅዳር እስከ ጥር ማድረግ ለሁለቱም ይስማማል፤ ብቻ በሳነቲ የዚያ ወቅት ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሚያዝያና ግንቦት በአርባ ምንጭ ዋናው የዝናብ ጊዜ ስለሆነ የፋሲካን ዕረፍት ለዚያ ያሰበ ሰው ጭቃውን ታሳቢ ያድርግ። በመስከረም አጋማሽ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ዶርዜን እመክራለሁ፤ ጋሞዎች መስቀልን እንደሚያከብሩት የሚያከብር ጥቂት ነው።

አራት ቀን የሌለው፣ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሁለቱንም ትቶ ወደ ደቡብ በዲላ አስፋልት ይውረድ። ዲላ ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ይርጋጨፌ ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ ይገኛል። የጌዴኦ ገበሬ በረጃጅም ዛፎች ሥር እንሰትን፣ በእንሰቱ ሥር ቡናን አድርጎ የሚያለማው መሬትና የቱቱ ፈላና የቱቱቲ ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ2023፣ ባሌ በተመዘገበበት ጉባኤ፣ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሳ በዚያው ማታ ሐዋሳ ገብቶ ያድራል። ለዚህ ጉዞ አጎበርም ሦስት ብርድ ልብስም አያስፈልግም፤ ጃንጥላ ግን ይያዝ።