ቀጥታ ለእግዚአብሔር ወይስ በካህን ፊት?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ቡናችን ሳይቀዘቅዝ ፕሮቴስታንቷ ጓደኛዬ እኔን ካቶሊኳን ስለ ኑዛዜ ጀመረችኝ፦ «ኃጢአትን ይቅር የሚል እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ካህን መሀል ምን አገባው?» ጥያቄው ተገቢ ነው።

እሷ የምትይዘው 1ኛ ዮሐንስ 1፥9ን ነው፤ ብንናዘዝ እግዚአብሔር ታማኝ ነው፣ ይቅር ይለናል። ልክ ነው። ካቶሊክም ማታ ሳይተኛ ቀጥታ ይጸልያል፣ ይጸጸታል። እዚህ ላይ አንጣላም።

ልዩነቱ ዮሐንስ 20፥23 ላይ ነው። ከሙታን የተነሣው ኢየሱስ ለደቀ መዛሙርቱ ኃጢአትን ይቅር የማለትም የመያዝም ሥልጣን ሰጣቸው። ታዲያ ሳይነገራቸው የቱን ይቅር ብለው የቱን ሊይዙ ነው? ካህኑ የእግዚአብሔርን ቦታ አይወስድም፤ ይቅር የሚለው ክርስቶስ ነው፣ ካህኑ አገልጋይ ነው። የሰማውንም ለማንም አይናገርም። «ለካህን መናዘዝ እ.ኤ.አ. በ1215 የመጣ ሕግ ነው» ለሚሉም፣ የዚያ ዓመቱ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የላተራን ጉባኤ ያዘዘው ቢያንስ በዓመት አንዴ መናዘዝን ነው፤ ኑዛዜውማ ቀድሞም ነበር።

ለብቻ መጸለይ ይቀላል፣ አልክድም። እኔ ግን ብቻዬን ስሆን ራሴን አባብላለሁ፤ «ትንሽ ተቆጣሁ» ብዬ አልፈዋለሁ። ተንበርክኬ «እናቴን ሰደብኳት» ስል ግን ድምፄ ይቆራረጣል፣ ከዚያ «ከኃጢአትሽ እፈታሻለሁ» የሚለውን በጆሮዬ ሰምቼ እወጣለሁ።