ለአረጋውያን የደም ምርመራ፦ አንድ የባሕር ዳር ክሊኒክ

ባሕር ዳር ውስጥ አረጋዊ ወላጁን ደም ማስመርመር የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ፣ የ74 ዓመት አባቴን ያሳከምሁበትን የግል ክሊኒክ እጠቁመዋለሁ፤ ስሙን እዚህ የማልጽፈው ከምስጋናው ጋር ቅሬታም ስላለኝ ነው። ናሙናው ሐምራዊ ክዳን ባላት ብልቃጥ ተወስዶ የሲቢሲ (የደም ህዋሳት ቆጠራ) ውጤቱ በዚያው ጠዋት ደረሰ፤ ከዘጌ በጀልባ ለሚመጣ ሽማግሌ፣ ነፋሱ ሐይቁን ሳያናውጠው መመለስ መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉም በላይ የማመሰግነው የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቱን ነው። ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ቀይ የደም ህዋሳቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ገዘፍ ብለው ሲያገኙ፣ «አባባ፣ አይስጉ፤ መጀመሪያ ቫይታሚን ቢ12ን፣ ፎሌትን፣ ጉበትንና ታይሮይድን እንይ» አሏቸው። እኔ ስለ ደም ካንሰር ብጠይቃቸውም ሳይሰለቹ አስረዱኝ። በመቅኔ ውስጥ ያሉት፣ ሌሎቹን የደም ህዋሳት የሚያፈሩት የደም ግንድ ህዋሳት ዕድሜ በገፋ ቁጥር በዘረመላቸው ላይ ለውጥ ያጠራቅማሉ፤ አብዛኛው ለውጥ ምንም አያመጣም፤ ዲኤንኤምቲ3ኤ ወይም ቴት2 በተባሉት ጂኖች ላይ ሲደርስ ግን አንዷ ህዋስ ከእኩዮቿ በልጣ ልትራባ፣ ጣና ላይ ከአንድ ተክል እየተቀጠለ እንደሚዛመተው እምቦጭም የደሙን ድርሻ ልትይዝ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተሙ ጥናቶች ይህን ሁኔታ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ10 በመቶ በሚበልጡት ላይ አግኝተውታል። ወደ ደም ካንሰር የሚለወጠው በዓመት ከ0.5 እስከ 1 በመቶ በሚገመቱት ላይ ብቻ ሲሆን፣ የልብና የደም ሥር ሕመምን ስጋት ግን ስለሚጨምር፣ ግፊትን መቆጣጠርና ሲጋራን መተው ከሁሉ እንደሚቀድም ነገሩን።

ቅሬታዬ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው። ሐኪሙ «አሁን አያስፈልግም» ያሉትን፣ ናሙናው ውጭ አገር የሚላክበትን ውድ የዘረመል ምርመራ፣ ሠራተኛዋ «ሲቢሲ ይህን አያሳይም» እያለች ለአባቴ ልትሸጥላቸው ሞከረች። አባባሏ እውነት ነው፤ ሆኖም የዘረመል ለውጡ ጤነኛ ሰው ላይ ቢገኝ ለይቶ የሚያጠፋው ሕክምና ገና ስላልተረጋገጠ፣ እንዲህ ያለውን ምርመራ ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ በየወንበሩ ማስተዋወቅ ሽማግሌን ከማስጨነቅ በቀር ፋይዳው አይታየኝም። የክሊኒኩ ኃላፊዎች ይህን ቢያስቆሙ ይበጃል።

የአባቴ ቢ12 ዝቅ ብሎ በመገኘቱ መርፌው ተጀምሯል፤ ደማቸው በዚህ ካልተስተካከለ የመቅኔውንም ሆነ የዘረመሉን ምርመራ ሐኪሙ ራሳቸው እንደሚያዙ ነግረውናል።