የአምብሩዋዝ ፓሬ ታሪክ በድምፅ መጽሐፍ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1510 ገደማ ላቫል አጠገብ የተወለደውን የፈረንሳዊውን ቀዶ ሐኪም የአምብሩዋዝ ፓሬን ሕይወት የሚተርከው ይህ የድምፅ መጽሐፍ፣ ከሁሉ በላይ የሚደነቀው በጣሊያኗ ከተማ በቱሪን ዘመቻ ምዕራፉ ነው። በዚያን ዘመን የጥይት ቁስል መርዛም ነው ተብሎ ስለሚታመን በፈላ ዘይት ይተኮስ ነበር፤ ዘይቱ ያለቀበት ወጣቱ ፓሬ ግን የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ተርፔንታይን (ከጥድ ሙጫ የሚገኝ ፈሳሽ) ቀላቅሎ ቀባ። ሌሊቱን በጭንቀት አሳልፎ ማለዳ ቁስለኞቹን ቢጎበኛቸው፣ በዘይት የተተኮሱት በትኩሳትና በእብጠት ሲሠቃዩ፣ ቅባቱን ያገኙት ብዙም ሳይታመሙ ማደራቸውን ተመለከተ። ተራኪው ይህን ሁሉ ሳይቸኩል፣ ድምፁንም ሳያጋንን ያነበዋል። ላቲን የማያውቀው ፓሬ ልምዱን በ1545 በፈረንሳይኛ ማሳተሙም ተገቢ ቦታ አግኝቷል።

በአንጻሩ፣ እግር ሲቆረጥ የደም ሥርን በጋለ ብረት ከመተኮስ ይልቅ በክር የመቋጠር ዘዴው በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ታልፏል፤ ዘዴው ብዙ ረዳት ስለሚሻ፣ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ፐቲ በ1718 በብሎን የሚጠብቅ የደም ማገጃ እስኪያስተዋውቅ ድረስ በሰፊው አለመለመዱም አልተነሣም። አራት ነገሥታትን ያገለገለበት ዘመን ግን (የቤተ መንግሥት ወሬ ለሚወድ ይጥም ይሆናል) ከሚገባው በላይ ተንዛዝቷል። ለመጀመሪያው አጋማሽ ሲባል ብቻ መግዛቱ አያስቆጭም።