ልደታ አካባቢ ያለ የአቤቱታ ጽሕፈት አገልግሎት፦ የአንድ ጠበቃ አስተያየት

ልደታ ከሚገኘው ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ለአንድ ዓመት ያህል ክስና መልስ ሳስጽፍ ቆይቻለሁ። ጸሐፊዋ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 223 የሚጠይቀውን የማስረጃ ዝርዝር ሳይነገራት ከክሱ ጋር አያይዛ ስለምታዘጋጅ፣ ለተከሳሾች የሚደርሰውንም ቅጂ በቁጥራቸው ልክ ስለምታባዛ፣ ከመዝገብ ቤት ጉድለት ተገኝቶብኝ የተመለስሁበት ቀን የለም። የፊደል ግድፈት ግን አልፎ አልፎ ያመልጣታል፤ የተከሳሽን የአባት ስም ሁለት ጊዜ አንብቡ።

መጥሪያ እናደርሳለን የሚሉት ተጨማሪ አገልግሎት አላረካኝም። የላኩት ልጅ መጥሪያውን ለተከሳሹ ጎረቤት ሰጥቶ በመመለሱ፣ ችሎቱ በአግባቡ አልደረሰም ብሎ ሌላ ቀጠሮ ሰጠ፤ ደንበኛዬም የዘገየሁት እኔ መስያቸው ነበር። ዋጋቸው ተመጣጣኝ ስለሆነ ለጽሑፉ እመለሳለሁ፤ መጥሪያውን ግን ራሴ አደርሳለሁ።