ስክሪቭነር ወይስ ወርድ? ረቂቅ ልቦለድ ስናፈርስና ስንገነባ

ሐዋሳ ያሉ የሚጽፉ ጓደኞቼ ልቦለዳቸውን በወርድ ይሥሩ ወይስ ስክሪቭነር በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም፣ ይህን ሳይጠይቁኝ የሚያልፍ ወር የለም።

ዋጋ፦ ወርድ ብዙዎቻችን ላፕቶፕ ላይ አለ። ስክሪቭነር አንዴ ተከፍሎ የሚገዛ ነው፤ ራስ ምታቱ በውጭ ምንዛሪ መክፈሉ ነው። የ30 ቀን ነጻ ሙከራው ግን የሚቆጥረው የከፈታችሁበትን ቀን ብቻ ስለሆነ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብትሠሩ 15 ሳምንት ያቆያችኋል።

ምዕራፍ ማዘዋወር፦ እዚህ ስክሪቭነር ይበልጣል። እያንዳንዱ ትዕይንት ለብቻው ተቀምጦ ሰሌዳ ላይ እንደ ካርድ ይደረደራል። በልቦለዴ ውስጥ አባትየው አሞራ ገደል (ሐዋሳ ያለው የዓሣ ገበያ) ዓሣ እየበላ ምስጢሩን የሚያወጣባትን ትዕይንት ከ14ኛው ምዕራፍ ጎትቼ 3ኛው ላይ ሳስቀምጣት፣ ሲያንቀላፋ የነበረው መካከለኛው ክፍል ነፍስ ዘራ። በወርድም ይቻላል፤ የምዕራፍ ርዕሶቹን በሄዲንግ ስታይል (ወርድ ለርዕስ ባዘጋጀው ቅርጽ) ካደረጋችሁ ናቪጌሽን ፔን (በጎን የሚታየው የርዕሶች ዝርዝር) ላይ ይዞ መጎተት ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ኮፒ ፔስት ሲያደርግ ግማሽ ምዕራፍ ይበላበታል። (እኔም ተበልቶብኛል።)

ስጋት፦ ስክሪቭነር መጻፍ ስታቆሙ ወዲያው ራሱ ሴቭ ያደርጋል፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከማረም በፊትም ስናፕሾት (የጽሑፉን የዚያን ጊዜ ቅጂ) ካነሳችሁ የድሮው ጽሑፍ አይጠፋም። ለአንድሮይድ ግን የለም፣ በአንድሮይድ ስልክ የምትጽፉ እርሱት።

አርታኢ ካላችሁ ወርድ ይሻላል፤ ትራክ ቼንጅስን (እያንዳንዱን እርማት ለይቶ የሚያሳየውን) ሁሉም ያውቀዋል። ታሪኩ ገና ቅርጽ ካልያዘና ብቻችሁን የምትታገሉ ከሆነ ስክሪቭነር፤ ቅርጹ ካለቀና የቀረው ዓረፍተ ነገር ማቃናት ከሆነ ወርድ ይበቃል።