ኪያፓ ራይኖ፦ ከታች የሚተኩሰው ሪቮልቨር ምን ይሰጣል፣ ምን ያስከፍላል?

ኪያፓ ራይኖን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው አፈሙዙ ተገልብጦ የተገጠመ ይመስለዋል። ሌላው ሪቮልቨር ሁሉ ማለት ይቻላል ከሲሊንደሩ (ጥይቶቹ ከሚቀመጡበት ተሽከርካሪ ክፍል) የላይኛውን ጥይት ሲተኩስ፣ ይህ የሚተኩሰው የታችኛውን ነው። አፈሙዙም አብሮ ወርዶ ከተኳሹ ጠቋሚ ጣት ጋር በአንድ መስመር ሊውል ትንሽ ነው የሚቀረው።

ነገሩ ለታይታ የተደረገ አይደለም። ንድፉ የጣልያናውያኑ የኤሚሊዮ ጊዞኒና የአንቶኒዮ ኩዳትሶ ሲሆን፣ ጊዞኒ ሐሳቡን ቀደም ሲል ማቴባ በሚል ስም በወጡት ሪቮልቨሮቹ ላይ ሠርቶበታል። ከነዚያም ዝነኛው ኡኒካ 6 ነው፤ በርግጫው ኃይል የላይኛው ክፍሉ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ሲሊንደሩን ያዞራል፣ መዶሻውንም ይወጥራል። ጊዞኒ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ራይኖ ገና ገበያ ላይ አልዋለም ነበር። አምርቶ ለገዢ ያደረሰው በጣልያን ብሬሻ አውራጃ የሚገኘው ኪያፓ የተባለው ኩባንያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ ዝቅ ማለቱ ይሠራል ወይ? ይሠራል። ጥይት ሲተኮስ ርግጫው በአፈሙዙ መስመር ወደ ኋላ ይመጣል። መስመሩ ከእጅ በላይ ሲሆን ሽጉጡ እጅ ውስጥ ይዞርና አፉ ወደ ላይ ይነሳል፤ በመስመሩና በእጁ መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር መነሳቱም ይብሳል። ራይኖ ይህን ርቀት አሳጥሮታል። በመሆኑም ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ማነጣጠሪያው ከዒላማው ብዙ አይርቅም፤ ሁለተኛው ጥይት ቶሎ ይከተላል። ራይኖ የሚጎርሰውን ብርቱ ጥይት፣ .357 ማግነምን፣ በሙሉ ኃይሉ በፍጥነት ለሚተኩስ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

«ራይኖ ርግጫ የለውም» የሚሉ ሻጮች ግን ተሳስተዋል። 158 ግሬን፣ ማለትም 10.2 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር በማግነም ፍጥነት ሲወጣ የሚመለሰው ግፊት የትም አይሄድም፤ የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው። ወደ ላይ ከመፈናጠር ይልቅ በመዳፉ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ክንድ ይገባል። ፍሬሙ ደግሞ ኤርጋል ከሚባለው 7075 የአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ ሽጉጡ ቀላል ነው። ባለ 2 ኢንቹ 200ዲኤስ 700 ግራም ገደማ፣ ባለ 6 ኢንቹ 60ዲኤስ 940 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከብረት የተሠራው ሪቮልቨር ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 686 በ4 ኢንች አፈሙዝ 1.1 ኪሎ እንደሚያልፍ ያስታውሱ። ስለዚህ በባለ 2 ኢንቹ ማግነም ሲተኮስ አፉ ባይነሳም የመዳፉ ሥር ይታመማል፤ ለረጅም ልምምድ በዚሁ ሽጉጥ የሚተኮሰው አጠር ያለና ለስላሳ ጥይት፣ .38 ስፔሻል፣ ይሻላል።

ዝቅ ያለው አፈሙዝ ሁለት ነገር ያስከፍላል። አንደኛው አያያዝ ላይ ነው። በማንኛውም ሪቮልቨር በሲሊንደሩ ፊትና በአፈሙዙ ጀርባ መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት ነበልባልና የእርሳስ ብናኝ ይወጣል። በራይኖ ይህ ክፍተት ወደ ታች ወርዶ ጣት ወደሚያርፍበት ቀርቧል። አውቶማቲክ ሽጉጥ የለመዱ ሰዎች ሁለቱንም አውራ ጣት ወደ ፊት ዘርግተው ይይዛሉ፤ እዚህ ያ አያያዝ ጣት ያቃጥላል፣ ሊቆርጥም ይችላል። የግራ አውራ ጣት በቀኙ ላይ ተጣጥፎ ይቀመጥ፤ የትኛውም ጣት ከሲሊንደሩ ፊት አይለፍ። ረዘም ያሉት ሞዴሎች ከአፈሙዙ ሥር የመብራት ሐዲድ ስላላቸው እጅን ወደዚያ ይጋብዛሉ፤ ይህ ጥንቃቄ በተለይ ለእነሱ ነው።

ሁለተኛው ማነጣጠሪያው ላይ ነው። አፈሙዙ ሲወርድ ማነጣጠሪያው አብሮ አልወረደም፤ በመካከላቸው ያለው ከፍታ ከተለመደው ሪቮልቨር ይበልጣል። ከፍታው 4 ሴንቲሜትር ነው ብለን ብናሰላ፣ በ25 ሜትር የተስተካከለ ሽጉጥ በ5 ሜትር ላይ ከታለመው ነጥብ ወደ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይመታል። ለወረቀት ዒላማ ይህ የሚታይ ልዩነት ነው፤ ሽጉጡ ጠማማ መስሎት ማነጣጠሪያውን የሚያዛባ ገዢ መጀመሪያ በስንት ሜትር እንዳስተካከለው ያጣራ።

ራይኖ ከውጭ ቀላል ቢመስልም ውስጡ ውስብስብ ነው። የሚተኮሰው ጥይት ከታች ስለሆነ መዶሻውም ዝቅ ብሎ ፍሬሙ ውስጥ ተደብቋል። ከኋላ ብቅ ብሎ የሚታየው መዶሻ መሳይ ነገር መወጠሪያ ማንሻ ብቻ ነው፤ ከውስጠኛው መዶሻ ጋር የሚገናኘው በሌሎች ማንሻዎች በኩል ነው። የቁርጥራጩ ብዛት ምላጩ ላይ ይታወቃል፤ ሳይወጠር ሲሳብ እንደ ጥሩ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን አይለሰልስም። ተወጥሮ ሲሳብ ግን አጭርና ጥርት ያለ ነው። የጎን ክዳኑን ፈትቶ ራስ በራስ ማስተካከል አይመከርም፤ ማንሻዎቹን ወደ ቦታቸው መመለስ ለባለሙያም ፈታኝ ነው። ሌላ ሪቮልቨር የሚያውቅ ጠጋኝ ሁሉ ይህን ያውቃል ማለት አይደለም። ምላጭ ለማቅለል ብሎ ስፕሪንግ ማዳከም ደግሞ የመዶሻውን ምት ያላላና ጥይቱ ሳይተኮስ ይቀራል።

ከሁሉም በላይ ሊጠና የሚገባው መወጠሪያው ነው። በሌላ ሪቮልቨር መዶሻው ወደ ኋላ ተስቦ ስለሚቆም መወጠሩን ዓይን ያያል። በራይኖ ማንሻው ከተሳበ በኋላ ወደ ፊት ተመልሶ ይተኛል፤ ሽጉጡ ተወጥሮ ያልተወጠረ ይመስላል። መለያው ከፍሬሙ በስተኋላ በግራ በኩል ብቅ የምትል ቀይ ምልክት ናት። ከታየች ሽጉጡ ተወጥሯል። ሳይተኩሱ ለማርገብ አፉ አደጋ ወደሌለበት አቅጣጫ ይያዝ፤ ማንሻው በአውራ ጣት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቦ ይያዝ፤ እንደተያዘ ምላጩ ይሳብ፤ ከዚያ ማንሻው በዝግታ ወደ ፊት ይመለስ፤ ምላጩም ይለቀቅ። ቀይዋ ምልክት መግባቷ ሳይረጋገጥ ሽጉጡ ወደ ማህደሩ አይመለስ። ይህ ሁሉ በባዶ ሽጉጥ ተደጋግሞ እጅ ከለመደው በኋላ ነው ጥይት የሚጎርሰው። ይህን ጣጣ የማይፈልግ ሰው 200ዲን ይመልከት፤ እሱ የሚተኮሰው ምላጩን በመሳብ ብቻ ነው።

ሲሊንደሩ ባለ ስድስት ጎን ነው፤ በጥይቶቹ መካከል ያለው ትርፍ ብረት ተላጭቶ ጎኖቹ ጠፍጣፋ ሆነዋል። ይህም ሽጉጡን ያቀጥነዋል፣ ልብስ ሥር አያስታውቅም። የሌላ ሪቮልቨር ማህደር ግን አይሆነውም፤ ለራይኖ የተሰፋ መፈለግ ግድ ነው። ከ.357 ሌላ በ9 ሚሊሜትርና በ.40ም ይሠራል፤ እነዚህ ጠርዝ አልባ ጥይቶች ስለሆኑ ቀለሁ በቅጡ እንዲወጣ የጨረቃ ቅርጽ ባለው ስስ ብረት ተሰክተው ይገባሉ። ያ ብረት ትንሽ ከተጣመመ ሲሊንደሩ መዞሩ ይከብደዋል። ጣልያን 9×19ን (የተለመደውን 9 ሚሊሜትር) ለሲቪል ለረጅም ጊዜ ከልክላ ስለነበር 9×21 የሚባልም አለ፤ በስህተት እሱን የገዛ ሰው ጥይት ፍለጋ ይንከራተታል።

ከሞዴሎቹ ባለ 4 ኢንቹን 40ዲኤስ እመርጣለሁ። 850 ግራም ገደማ ስለሆነ ማግነሙን ይሸከማል፣ የፊት ማነጣጠሪያው በፋይበር ደምቆ ይታያል፣ ለመያዝም አይረዝምም። ባለ 2 ኢንቹ ለኪስ ተብሎ ከ1,000 ዶላር በላይ ማውጣት ጥቅሙ አይታየኝም።

ከመግዛት በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። በውፍረት መለኪያ ምላስ በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ያለው ክፍተት ከስድስቱም የጥይት ጉድጓዶች ፊት ይለካ፤ ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ደህና ነው፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ መለያየቱ ግን መጥፎ ምልክት ነው። ምላጩ በቀስታ ሲሳብ ሲሊንደሩ መዶሻው ከመውደቁ በፊት ቆልፎ መቆም አለበት። ቀይዋ ምልክት በእያንዳንዱ መወጠር ትውጣ፣ በእያንዳንዱ ማርገብ ትግባ።

ከተገዛ በኋላ ደግሞ የሚጠቀሙበት ጥይት ይፈተን። ቀላል ሽጉጥ ሲራገጥ ያልተተኮሱት አረሮች ከቀለሃቸው ወደ ፊት ሊንሸራተቱና ሲሊንደሩን ሊያስሩት ይችላሉ። የስድስተኛው ጥይት ርዝመት ይለካ፣ አምስቱ ይተኮሱ፣ ስድስተኛው ወጥቶ እንደገና ይለካ። ከረዘመ ሌላ ጥይት ይሞከር። .38 ብዙ ከተተኮሰ በኋላ አጭሩ ቀለህ በጉድጓዱ ውስጥ የካርቦን ቀለበት ይተዋል፤ ረጅሙን .357 የሚያጣብቀው እሱ ነው፣ በነሐስ ብሩሽ ይለቃል። ፍሬሙ አሉሚኒየም ስለሆነ ጠንካራ የአልካላይ ማጽጃ አይነካው፤ ቀለሙንም ቆዳውንም ይበላዋል።