የጄት ስኪ ብልጭታ ሲቆራረጥ፦ አዲስ ኮፒ ሲዲአይ ወይስ ያገለገለ ኦሪጅናል?

ጄት ስኪ ያላቸው ጓደኞቼ በየጊዜው የሚያመጡልኝ ጥያቄ አንድ ነው። "ጠዋት ደህና ይነሳል። ሲሞቅ ይቆራረጥና ይጠፋል። ሲዲአይ ልግዛ?" ሲዲአይ ማለት ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ዋጋ ነው። አዲስ ኦሪጅናል ዋጋው ያስደነግጣል። ኮፒው ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ ያገለገለ ኦሪጅናል ግዙ። ኮፒ ሲዲአይ በነፃ ቢሰጣችሁም አትግጠሙት።

ግን መጀመሪያ ኪሳችሁን ያዝ አድርጉ። ብልጭታ የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ በርካሹ ዕቃ ነው። ከካንዴላ ካፕ፣ ማለትም ካንዴላው ራስ ላይ ከሚሰካው ክዳን ጀምሩ። ዋጋው ከካንዴላው ብዙም አይርቅም። በብዙ ሞዴሎች ላይ ውስጡ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ የሆነ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ዕቃ) አለው። ከሽቦው ፈትታችሁ በመልቲሜትር ለኩት። 20 ወይም 30 ኪሎ ኦም ካሳየ፣ ወይም ነካ ሲደረግ ቁጥሩ ከዘለለ፣ ጣሉት። የሽቦውንም ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ያህል ቁረጡለት። አረንጓዴ ዝገት የበላው መዳብ ያለው እዚያ ነው። ንጹሁ ሲወጣ አዲሱን ካፕ እያዞራችሁ አስገቡት።

ከዚያ ማጥፊያው። በአሮጌዎቹ ቱ ስትሮክ ሞተሮች ላይ የማጥፊያውን ሽቦ ከሲዲአይ ነጥሉና ሞተሩን በስታርተር ብቻ አዙሩት። ብልጭታው ከተመለሰ ጥፋቱ የማጥፊያው ወይም የደህንነት ገመዱ የሚሰካበት ቦታ ነው። ኮድ ያለው ቁልፍ በሚጠቀሙት ላይ፣ ለምሳሌ ሲዱ በሚባለው የጄት ስኪ ብራንድ ብዙ ሞዴሎች፣ ይህ ዘዴ አይሰራም። ኔጋቲቭ ሽቦው ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትን ቦታም ፈትታችሁ አጽዱ። ይሄ ምንም አያስወጣም።

አደራ፣ ይህን ሁሉ ስትሞክሩ መቀመጫውን አንሱና የሞተሩ ክፍል ይናፈስ። የታፈነ የቤንዚን ትነት በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ካንዴላው ከካፑ ጋር ሆኖ የሞተሩን ብረት ሳይነካ ሞተሩን አታዙሩ። መውጫ ያጣ ቮልቴጅ ደህናውን ሲዲአይ ሊያቃጥለው ይችላል።

ካንዴላም ላይ ፎርጅዱ ሞልቷል። ለብዙ ቱ ስትሮክ ጄት ስኪዎች የሚታዘዘው ኤንጂኬ የሚባለው ብራንድ ቢአር8ኢኤስ ነው። ቢ8ኢኤስ የሚባለው ሌላው የኤንጂኬ ዓይነት ቢመሳሰልም ሬዚስተር የለውም፤ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑን ሊረብሽ ይችላል። ካንዴላ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ኦሪጅናሉም ቢሆን ውድ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ችግሩ ካልሄደ ነው ወደ ሳጥኑ የምንመጣው። ሲዲአይ ብልጭታ ብቻ አይሰጥም። መቼ እንደሚሰጥም የሚወስነው እሱ ነው። ጄት ስኪ ማዕበል ላይ ዘሎ ከውሃ ሲወጣ ፓምፑ ጭነት ያጣል፤ የሞተሩ ዙር በቅጽበት ይተኮሳል። ያኔ ዙሩን የሚይዘው ሳጥኑ ነው። ኮፒው በትክክለኛው ልክ ይይዘዋል ብዬ አላምንም። ብልጭታውን ከልክ በላይ ካስቀደመ ደግሞ ፒስተን ሊበሳ ይችላል። ከዚያ በኋላ የምትከፍሉት የሳጥን ሳይሆን የሞተር ዋጋ ነው።

አንድ ጓደኛዬ የገዛው ኮፒ ሲሞት በመጋዝ ከፍለን አየነው። ውስጡን የሚሞላው ሙጫ ጥግ ድረስ አልደረሰም። ምስር የሚያካክሉ አረፋዎች ነበሩበት። ከአንዱ አረፋ ስር የተበየደው ነጥብ አረንጓዴ ሆኗል። እርጥበት በሽቦው መግቢያ ሾልኮ እዚያ ተቀምጧል። ሽቦዎቹ ቀጫጭን ናቸው። ሶኬቱ ሲሰካ "ቀጭ" ብሎ አይይዝም። ጓደኛዬ ሌላ ኮፒ ገዛ፤ እሱም ሞተ። የሁለቱን ዋጋ፣ ማጓጓዣውንና የእጅ ዋጋውን ስንደምር ያገለገለ ኦሪጅናል ከነትርፉ ይገዛ ነበር። መጨረሻ ላይም እሱኑ ገዛ።

ያገለገለ ስትገዙ ሞተሩ ነክሶ (ፒስተኑ ተጣብቆ) ከተጣለ ጄት ስኪ የወጣውን ፈልጉ። የዚያ ኤሌክትሪክ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ሰምጦ ከነበረ ግን ራቁ። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ከናንተው ጋር ፊደል ሳይቀር ይመሳሰል። የሞዴሉ ስም አንድ ሆኖ ዓመቱ ሲለያይ ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል። ሽቦው ተቆርጦ የወጣ ሳጥን አትውሰዱ፤ ከነሶኬቱ ይሁን። ጥጎቹ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ካለም ተዉት።

ኮይል፣ ማለትም ቮልቴጁን ለካንዴላው የሚያሳድገው ክፍል ላይ ብዙም አልከራከርም። ሁለት ጥቅል ሽቦ ነው። ኦሙ ማንዋሉ ላይ ካለው ጋር ከተቀራረበ ደህና ኮፒም ያስኬዳል። ስታተር፣ ማለትም ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል ላይ ግን ወደ አቋሜ እመለሳለሁ። ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ብልጭታ ብዙ ጊዜ መነሻው እዚያ ያለችው፣ የብልጭታውን ጊዜ ለሲዲአይ የምትጠቁመው ፒክአፕ ኮይል ናት። ቀዝቃዛ እያለች ለኳት። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ አሙቋትና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ጭራሽ ከጠፋ ውስጧ ተበጥሷል፤ ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልጉላት። ቻርጅ የሚሰጠው ጥቅል ከሆነ የተቃጠለው ኮፒ ስታተር ከመግዛት የራሳችሁን ሪዋይንዲንግ ማሰራት (ሽቦውን እንደገና ማስጠቅለል) ይሻላል። ብረቱ የራሱ ስለሆነ ልክ ይገባል፤ ወጪውም ከአዲስ ኦሪጅናል በጣም ይወርዳል።

አዲስ ኦሪጅናል የምመክረው ከባህር ዳርቻ ርቆ ብቻውን ለሚነዳ ሰው ነው። እዚያ ላይ ዋጋ አልቆጥርም። ለሌሎቻችሁ ግን ያገለገለው ይበቃል። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ሳጥኑ ሞተር ላይ ተገጥሞ፣ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ሰርቶ፣ ጠፍቶ ወዲያው እንደገና ሲነሳ እዩ። "ቀዝቃዛውን አይተህ ውሰድ" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላው እለፉ።